ግራፊክ ዲዛይን ኮሌጅ ገብቶ ለመማር፦ ከፎቶሾፕ በፊትና በኋላ

ዲዛይነር ለመሆን ኮሌጅ መግባት ግድ ነው ወይ? ግድ አይደለም። የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጡ በዚህ ሙያ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሞልተዋል። ፎቶሾፕ ከዩቲዩብ ይለመዳል፤ የተጋ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ እጁ ይፈታል። ኮሌጅ የሚገባው ዩቲዩብ ለማይሰጠው ነገር ነው። እጃችሁን አይቶ የሚያርም መምህር፣ ሥራችሁን ፊት ለፊት የሚተቹ እኩዮች፣ ለመሳል የሚበቃ ጊዜ። እነዚህን የማይሰጥ ኮሌጅ ከሆነ ክፍያችሁን ለላፕቶፕ ብታውሉት ይሻላል።

ይህ የተጻፈው 12ኛ ክፍል ለጨረሱ ወይም ሊጨርሱ ጥቂት ለቀራቸው፣ ገብተውም ግራ ለገባቸው ነው። በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ገብታችሁ ከሆነ 1ኛውንና 2ኛውን ዝለሉት።

1. የትኛው ዲዛይን?

"ዲዛይን እማራለሁ" ስትሉ ቤተሰብ የሚያስበው ልብስ ነው፣ ጎረቤት የሚያስበው ቤት ነው፣ እናንተ የምታስቡት ደግሞ ሎጎ ነው። ሁሉም ልክ ናቸው። ግራፊክ ዲዛይን ሎጎን፣ የመጽሐፍ ሽፋንን፣ መጽሔትን፣ የዕቃ ማሸጊያን፣ ታፔላን፣ ማስታወቂያን ይይዛል። ከጎኑ የአፕና የድረ ገጽ ዲዛይን አለ፤ ሞሽን ግራፊክስና አኒሜሽን አለ፤ ፋሽን፣ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን፣ አርክቴክቸር አለ።

ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ ልንገራችሁ። ለአንድ ሳምንት ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡና ዓይናችሁን ያስቆመውን ነገር ሁሉ ፎቶ አንሡ። ሳታስቡ ነው የምታነሡት። በሳምንቱ መጨረሻ ፎቶዎቹን ደርድሩ። ታፔላና የታክሲ ጥቅስ ከበዛ ልባችሁ ፊደል ላይ ነው። የዘይትና የማካሮኒ ማሸጊያ ከሆነ ማሸጊያ። የባንክ አፕ ከፍታችሁ "ይሄ ቁልፍ ለምን እዚህ ተደበቀ?" እያላችሁ የምትናደዱ ከሆነ ደግሞ የአፕ ዲዛይን ይጠራችኋል፤ ያ ንዴት ጥሩ ምልክት ነው።

2. ትምህርት ቤት መምረጥ

አገር ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገሰላም ተመሥርቶ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እዚያ ግራፊክስ ሲባል ኮምፒውተር ብቻ አይምሰላችሁ፤ የእንጨት ኅትመት የመሰለ የእጅ ሥራ በትምህርት ቤቱ ሥር የሰደደ ነው። በ1950ዎቹ ጀርመናዊው የእንጨት ኅትመት ባለሙያ ሃንሰን ባሂያ አስተምሮበታል። የአማርኛን ፊደል የሥዕሉ ሥጋና ደም ያደረገው ወሰኔ ኮስሮፍም ከዚሁ የወጣ ነው። "እኔ የምፈልገው ኮምፒውተር ነው፣ እንጨት ምን ያደርግልኛል" የሚል ልጅ ካለ ይታገሥ። እንጨት ላይ የተሳሳተ መስመር አይመለስም። ከመቁረጥ በፊት ማሰብን ያስለምዳል።

ፋሽን የሚፈልግ ባሕር ዳር የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ይመልከት። ሥነ ሕንፃ የሚፈልግ ልደታ ያለውን፣ ሰው "ሕንፃ ኮሌጅ" እያለ የሚጠራውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት ይጠይቅ። ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ ያልበቃ ወይም ቶሎ ሥራ መግባት የሚፈልግ ደግሞ በቴክኒክና ሙያ በኩል በደረጃ ተምሮ የብቃት ምዘናውን፣ ሰው ሲኦሲ የሚለውን፣ መውሰድ ይችላል። በዚህ መንገድ የሄደን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት የኛ አገር ክፉ ልማድ ነው። ደንበኛ ሲኦሲና ዲግሪ አይለይም፤ የሚያየው ሥራውን ነው።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በአካል ሂዱ። ብሮሹሩን ተዉት። (እንዲያውም ብሮሹሩን በደንብ እዩት፤ ዲዛይን አስተምራለሁ የሚል ተቋም የራሱን ብሮሹር አስቀያሚ አድርጎ ካሳተመ መልሱን አግኝታችኋል።) ዲግሪ የሚሰጥ ከሆነ ለዚያው የትምህርት ዘርፍ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ኮሌጁ በአካውንቲንግ ዕውቅና ስላለው በዲዛይን አለው ማለት አይደለም። በደረጃ የሚያሠለጥን ከሆነ የከተማውን ወይም የክልሉን ፈቃድ ሰጪ ጠይቁ። ከዚያ ኮምፒውተር ክፍሉን አሳዩን በሉ። ለስንት ተማሪ ስንት ኮምፒውተር? መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር አለ? ግድግዳው ላይ የተማሪ ሥራ ተሰቅሏል? ከሁሉም በላይ ግን የመምህራኑን የራሳቸውን ሥራ ለማየት ጠይቁ። ቅር የሚለው ካለ እዚያ አትግቡ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን በር ላይ ይዛችሁ አነጋግሩ፤ እውነቱን የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ብዙ የኛ ልጆች በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይጀምራሉ፤ ሁለቱም ግራፊክ ዲዛይን ያስተምራሉ። ክፍያው ከአራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ስለሚቀንስ ብልህ መንገድ ነው። ግን ከመመዝገባችሁ በፊት በኋላ ልትዛወሩበት የምታስቡት ዩኒቨርሲቲ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚቀበል በጽሑፍ ጠይቁ። የዲዛይን ኮርስ ሲዛወር ክሬዲቱን ብቻ ሳይሆን ሥራችሁንም ማየት የሚፈልጉ አሉ፤ የሠራችሁትን ምንም አትጣሉ።

3. መሳል ጀምሩ፣ ዛሬ

የተግባር መግቢያ ፈተና ባለበት ቦታ የሚጠብቃችሁ እርሳስና ወረቀት ነው። ፈተና ባይኖርም መሳል ግድ ነው። ሠዓሊ ሁኑ አላልኩም። ዓይናችሁ ልኬትን እንዲያምን ነው።

ብዙ አትግዙ። ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ እርሳስ፣ መላጫ፣ ርካሽ ወረቀት በብዛት ይበቃል። ውድ የስዕል ደብተር ሲገዛ እጅ ይፈራል።

ጀበና አስቀምጡ። ቀላል ይመስላል አይደል? አንገቱ ከሆዱ መሃል ካልተነሣ ወዲያው የተንጋደደ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጥ ያለ የመሃል መስመር በስሱ ጣሉ። ከዚያ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በእርሳሱ የሆዱን ስፋት ከአንገቱ ርዝመት ጋር ለኩ። ሲኒ አጠገቡ አኑሩ። የሲኒው አፍ ከጀበናው አፍ ይልቅ ከፈት ብሎ ይታያል፤ ክብ ነገር ከዓይናችን ደረጃ ዝቅ ባለ ቁጥር እየሰፋ ይመጣልና። ብዙ ጀማሪ ሁለቱንም አንድ ዓይነት እንቁላል አድርጎ ይስላቸዋል፣ ከዚያ ሲኒው ወደ ፊት የሚደፋ ይመስላል። ጀበናው ጥቁር ነው ብላችሁም ሁሉንም አታጥቁሩት። መስኮቱ የሚያበራበትን ነጥብ ወረቀቱን ነጭ ተዉት። ያቺ ነጭ ነጥብ ናት ሸክላ የምታስመስለው።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ እርሳስ አለመንካት እጅ አያፈታም። ሰው መሳል ከፈለጋችሁ የታክሲ ወረፋ ወርቅ ነው፤ ማንም አይንቀሳቀስም።

4. ኮምፒውተርና ሶፍትዌር

ይህን አሳጥሬ ልለፈው፣ ሰው ሲያወራበት የሚውለው ይህን ስለሆነ። ያገለገለ ላፕቶፕ ይሆናል። ራሙ 16 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ ስክሪኑ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የማይቀየር ይሁን። ያገለገለ ስትገዙ ባትሪውን ለመሞከር ቻርጀሩን ነቅላችሁ ክፈቱት።

ሶፍትዌር ሦስት ሥራ ብላችሁ ያዙት። ፎቶ ማስተካከል ፎቶሾፕ ነው፣ ሎጎና ምልክት መሥራት ኢለስትሬተር፣ ብዙ ገጽ ያለው ነገር ኢንዲዛይን። ሎጎ በፎቶሾፕ የሚሠራ ሰው ታፔላ ቤት ሲደርስ ያለቅሳል፤ ፎቶ ሲተልቅ ይበተናል፣ በኢለስትሬተር የተሠራው ግን የፎቅ ያህል ቢተልቅም ጠርዙ አይበላሽም። ስቲከርና ባነር ቤቶች ውስጥ ኮረልድሮው የሚባል ፕሮግራም ስለሚያጋጥማችሁ አትናቁት። ለመክፈል አቅም ከሌለ ኢንክስኬፕ (ለሎጎ)፣ ክሪታ (ለሥዕል)፣ ስክራይበስ (ብዙ ገጽ ላለው ሥራ) በነጻ አሉ። ለአፕና ለድረ ገጽ ዲዛይን የሚሆነው ፊግማም ለተማሪ ነጻ ነው። ዝግጁ አብነቶች የሚሰጠው ካንቫ ለቴሌግራም ፖስተር ይሁን፤ ሎጎ ግን አትሥሩበት፣ የናንተው ምልክት ሌላ ሺህ ሰው ጋር ይገኛል።

መብራት አገር አማን ብሎ ይጠፋል። ኮንትሮል ኤስ መጫን እንደ ትንፋሽ ይሁንባችሁ፣ ሥራችሁንም ከላፕቶፑ ሌላ አንድ ቦታ አስቀምጡ።

5. የአማርኛ ፊደል፤ እዚህ ላይ ቆዩ

አብዛኛው የዲዛይን ትምህርት መጽሐፍም ቪዲዮም የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። እዚያ የተማራችሁትን ይዛችሁ አማርኛ ፖስተር ስትሠሩ አንድ ነገር እንቢ ይላችኋል፣ ምን እንደሆነም አታውቁትም። ስለዚህ ይህን ራሳችሁ ተማሩት። ሥራ የሚያስገኝላችሁም ይኸው ነው፣ አማርኛን በወጉ የሚያሰፍር ዲዛይነር ዛሬም ብርቅ ነውና።

ከፎንት ጀምሩ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተበድረው ነበር የሚጽፉት። ስለዚህ ደንበኛ የድሮ ፋይል ሲያመጣ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። አትደንግጡ፤ ጽሑፉ አልጠፋም፣ በዚያው ፎንት ይከፈታል፤ ወደ ዩኒኮድ መቀየርም ይቻላል። ከቀየራችሁ በኋላ ግን ከመጀመሪያው ጋር አስተያይታችሁ አንብቡ። ለአዲስ ሥራ ሁልጊዜ ዩኒኮድ ተጠቀሙ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ይገኛሉ፣ ፈቃዳቸውም ለንግድ ሥራ ይሆናል።

ቀጥሎ ውፍረት። ፎንቱ ወፍራም ዓይነት ሳይኖረው በግድ ማወፈር፣ ማለትም ዙሪያውን መስመር ጨምሮ ማድለብ፣ የኛን ፊደል ይገድለዋል። "ጨ"ን ወስዳችሁ ሞክሩት። ውስጡ ያለችው ባዶ ቦታ ተደፍና ጥቁር ድብልብል ይሆናል። "ተ" እና "ት"፣ "ነ" እና "ን" የሚለያዩት በትንሽ ስብራት ነው፤ ስታደልቡት ያቺ ስብራት ትዋጣለች፣ አንባቢውም "ነው"ን እየገመተ ያነባል። የሠራችሁትን ቪዚቲንግ ካርድ በልኩ አትሙና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንብቡት፤ ስክሪን ላይ አጉልታችሁ እያያችሁ አትፍረዱ።

ነጥቦች። አራት ነጥብ "።" አንድ ምልክት ነው። ሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን ደርድሮ አራት ነጥብ ማስመሰል የሰነፍ ሥራ ነው። ነጠላ ሰረዝ "፣" እና ድርብ ሰረዝ "፤" በኪቦርዳችሁ ላይ የት እንዳሉ ዛሬውኑ ፈልጉ።

ግራ ቀኙን እኩል ማድረግ ሌላው ጣጣ ነው። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው። "እንደሚያስፈልጋቸው" የሚል አንድ ቃል ጠባብ ዓምድ ውስጥ ግማሽ መስመር ይወስዳል፣ ቀጣዩ ቃል አይበቃውምና ወደ ታች ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩም የቀሩትን ሁለት ቃላት ወዲያና ወዲህ ይጎትታቸዋል። የድሮ ጸሐፍትና የድሮ ጋዜጦች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። መስመሩ ሲሞላ ቃሉን ያለ ምንም ሰረዝ ከየትም ፊደል ላይ ቆርጠው ይወርዱ ነበር። የዛሬ አንባቢ ይህን ስላልለመደው እኔ የምመክረው ቀኙን ልቅ መተው ነው። ደንበኛ "እኩል አድርግልኝ" ካለ ዓምዱን አስፉት ወይም ፊደሉን አሳንሱት።

አንድ ሥራ ላይ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ አብረው ሲመጡ ደግሞ፣ ታፔላና ማሸጊያ ላይ ዘወትር የሚያጋጥም ነው፣ ቁጥሩን እኩል አድርጎ "ሁሉም 24 ነው" ማለት አይበቃም። አማርኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። የላቲኑን ትንሽ ፊደል ቁመት ከአማርኛው ጋር በዓይን እያስተያያችሁ አንዱን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። ቁጥሩ 24 እና 21 ቢሆን ማንም አይከሳችሁም።

ይህን ሁሉ ለማየት የተሻለው ትምህርት ቤት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ነው። የድሮ ጋዜጦችን አስወጡና ርዕሱ እንዴት እንደተጻፈ እዩ። የብራና መጽሐፍ የማየት ዕድል ካገኛችሁ ደግሞ መቃ ብዕር የት ላይ እንደሚወፍር፣ የት ላይ እንደሚቀጥን አስተውሉ፤ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም መጻፉንም። አንባቢን በቀለም መምራት እኛ ዘንድ ስንት ዘመን የቆየ ነገር መሆኑን ታያላችሁ። ከዚያ የካሬ ደብተር ገዝታችሁ አንድ ቤተሰብ ምረጡ፣ ነ ኑ ኒ ና ኔ ን ኖ፣ በእጃችሁ ሰባቱንም አንድ እናት የወለደቻቸው እስኪመስሉ ሣሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ? ተጠቀሙበት፣ ሐሳብ ለመፈለግ ጥሩ ነው። አማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሥዕል ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል እንጂ ፊደል ያልሆነ ነገር ያወጣል። ሥዕሉን ካስፈለጋችሁ ውሰዱ፣ ጽሑፉን ራሳችሁ አስፍሩ።

6. ሥራችሁ ሲተች

መምህሩ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ክፍሉ ሁሉ ይተቸዋል። ይሉኝታ የለመድን ነን፤ ወይ "ቆንጆ ነው" ብለን እናልፋለን፣ ወይ የተነገረንን ስድብ እናደርገዋለን። አፋችሁን ዘግታችሁ የሚባለውን ጻፉ። "ደስ አላለኝም" የሚል ካለ "መጀመሪያ ዓይንህ የት አረፈ?" ብላችሁ ጠይቁት። ለምሳሌ የሽያጭ ፖስተር ከሆነና ዓይኑ ዋጋው ላይ ሳይሆን ጌጡ ላይ አርፎ ከሆነ ችግሩ ተገኘ። ሌላውን ስትተቹም እንዲሁ፣ ያያችሁትን ተናገሩ፣ "ጎበዝ" ማለት ለማንም አይጠቅምም።

7. ማተሚያ ቤት ሂዱ

ብዙ ተመራቂ ስክሪን ላይ የሚያምር፣ ወረቀት ላይ የሚያሳፍር ሥራ ይዞ ይወጣል። መድኃኒቱ በዕረፍት ጊዜ ማተሚያ ቤት ውስጥ በነጻም ቢሆን መሥራት ነው። ሻይ አምጡ ቢሏችሁ አምጡ፣ ግን ማሽኑ አጠገብ ቁሙ።

እስከዚያው እነዚህን ያዙ። ለወረቀት የሚሄድ ሥራ ቀለሙ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ይሁን፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ አይገኝም። ፎቶው በሚታተምበት ልክ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይኑረው፤ ከሩቅ ለሚታይ ትልቅ ባነር ግን ያንን ማድረግ ኮምፒውተር ማስጨነቅ ነው። ጀርባው ቀለም ካለው በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ስጡ፣ መቁረጫው ትንሽ ሲስት ነጭ መስመር እንዳይወጣ። ትናንሽ ጥቁር ጽሑፎች በጥቁር ቀለም ብቻ ይሁኑ። ከአራቱም ቀለም ከተቀላቀለ አንዱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ቅንጣት ሲንሸራተት ፊደሉ ዙሪያ ጥላ ያወጣል፣ የኛ ፊደል ደግሞ ስብራቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። መሃሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ በ4 መካፈል አለበት። 30 ገጽ ሠርታችሁ ከሄዳችሁ 2 ገጽ ጨምሩ ይሏችኋል፣ ሌሊቱን ማስታወቂያ ስትፈልጉ ታድራላችሁ። ፋይሉን በፒዲኤፍ፣ ፎንቱ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ ስጡ። ጽሑፉ የሚታረምበትን ሌላ ቅጂ ግን ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ቅርጽ የሆነ ፊደል ተመልሶ አይታረምም። ብዙ ቅጂ ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አትሙና ስሙን፣ ስልኩን፣ ቀኑን ደንበኛው ራሱ አንብቦ ይፈርም።

8. ተማሪ ሆናችሁ ገንዘብ

ሥራ ይመጣል። የሠርግ ካርድ፣ የሙት ዓመት ፖስተር፣ የምግብ ቤት ሜኑ፣ የባች ቲሸርት፣ የምረቃ መጽሔት። ጥሩ መለማመጃ ናቸው። ዘመድ ሲጠይቅ ገንዘብ መጥራት ይከብዳል። "ለአንተ ያልሆነ ለማን ይሆናል፣ ግን ሦስተኛው እርማት ላይ ይከፈላል" ብሎ መጀመር ይቻላል።

ለሌላው ሰው ግን ቀብድ ሳትቀበሉ ፋይል አትክፈቱ። ግማሹን አስቀድሙ። ስንት ጊዜ እንደምታርሙ፣ መቼ እንደምታስረክቡ፣ ዋናው ፋይል ይሰጥ አይሰጥ፣ የቅጂ መብቱ ለማን እንደሚሆን፣ በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ ይስፈር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ አንድ ጊዜ ተቀምጣችሁ አንብቡት። ሎጎ ስትሠሩ ደግሞ ከኢንተርኔት የወረደ ምልክት አትሽጡ። ደንበኛው ነገ የንግድ ምልክቱን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ላስመዝግብ ሲል ከሌላ ጋር ተመሳስሎ ቢገኝ ዞሮ የሚመጣው እናንተ ዘንድ ነው።

9. የመጨረሻው ዓመት

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና አለበት። ዲዛይነር ነኝ ብሎ ንድፈ ሐሳቡን የናቀ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል፤ የአንደኛ ዓመት ደብተራችሁን አትጣሉ።

ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ለቀጣሪ የምታሳዩት የሥራችሁ ስብስብ፣ ከአርባ መካከለኛ ሥራ አሥር ጥሩ ሥራ ይሻለዋል። ከአሥሩ ቢያንስ አንዱ የታተመና ፎቶ የተነሣ ይሁን፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ይሁን፣ አንዱ ደግሞ እንዴት እንደደረሳችሁበት ከእርሳስ ንድፉ ጀምሮ ይታይበት። ቀጣሪ የሚጠይቃችሁ "ለምን ይህን ቀለም መረጥክ?" ብሎ ነው፤ "ደስ ስላለኝ" መልስ አይሆንም። በቡድን የተሠራ ከሆነ የናንተ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ጻፉበት፤ አብሮ የሠራው ልጅም ያንኑ ሥራ ይዞ እዚያው ቢሮ ማመልከቱ አይቀርም።